የግመል እንቁላል የራሱ ሰዓት አለው

የብርድ ወራት ሲገባ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚገኙ የግመል እርባታ ሰፈሮች ጠባያቸው ይለወጣል። በሐሩሩ ወራት ጭምት ሆኖ የከረመው አውራ ግመል መኖ ይቀንሳል፤ ከአፉ አረፋ ይደፍቃል፤ ለስላሳ ላንቃውን በአየር ነፍቶ እንደ ቀይ ፊኛ በአፉ ጎን እያወጣ ያጉረመርማል፤ ከማጅራቱ ዕጢ የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ ጠጉሩን ያረጥበዋል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት በእነዚህ ወራት ጠባቂው ከፈጅር ሶላት በኋላ በመንጋው መካከል ሲመላለስ ዓይኑ የሚፈልገው ነገር ከሌላው ጊዜ ይለያል። የትኛዋ ሴት ግመል ወደ አውራው ተጠጋች? የትኛዋ ጅራቷን አወናጨፈች? የትኛዋ ሳትገደድ ተንበረከከች?

ረፋዱ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ ይደርሳል። ግመሏ ተንበርክካ ከታሰረች በኋላ የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ በፊንጢጣዋ በኩል አስገብቶ የእንቁላል ማፍሪያዋን በትንሹ ስክሪን ላይ ይፈልጋል። ጥቁር ክብ ምስል ይታየዋል። ይለካዋል፤ 14 ሚሊ ሜትር ነው። የሆርሞን መርፌውን ይወጋና በመዝገቡ ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይጽፋል።

ሰዓቱ የሚጻፈው ለወጉ ያህል አይደለም። ግመል የምታረግዘው ለ13 ወር ገደማ ነው። ወልዳ፣ አጥብታ፣ እንደገና ለአውራ እስክትደርስ ድረስ የሚቀጥለው የመራቢያ ወቅት ስለሚያልፋት በተለመደው አረባብ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብትወልድ ነው። ስለዚህ አንድ ወቅት በስሕተት ባከነ ማለት አንድ ሙሉ ዓመት ጠፋ ማለት ነው። ሱረቱ አት-ተክዊር የቂያማን ቀን ድንጋጤ ሲገልጽ ዐሥር ወር የሞላቸው እርጉዝ ግመሎች ባለቤት እንደሌላቸው ችላ መባላቸውን ከምልክቶቹ መካከል ያነሳል፤ ሙፈሲሮችም ይህ የተመረጠው በዐረቦች ዘንድ ከእንዲህ ያለችው ግመል የከበረ ሀብት ስላልነበረ መሆኑን አብራርተዋል። በእሽቅድምድም ሜዳ ስሟ የተጠራ ወይም በወተቷ የተመሰገነች ግመል ያለው የዛሬው አርቢም ስሜቱ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። የሚፈልገው ግልገል ነው፤ ግልገሉን ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ አንዲት በዓይን የማትታይ እንቁላል በሰዓቷ መብሰል አለባት።

እንቁላል «በሰለ» የሚባለው መቼ ነው? ሴት እንስሳ ዕድሜ ልኳን የምትጠቀምባቸውን እንቁላሎች ይዛ ትወለዳለች። እያንዳንዱ እንቁላል፣ እርሷ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች የጀመረውን የመከፋፈል ሥራ በመካከል አቋርጦ ይተኛል፤ እንቅልፉም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ጊዜው ሲደርስ ፎሊክል በሚባለው ፈሳሽ የሞላበት ከረጢት ውስጥ ያድጋል። ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ኤልኤች የተባለውን ሆርሞን በአንድ ጊዜ በብዛት ስታፈስ እንቁላሉ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ ኒውክሊየሱን የከበበው ስስ ሽፋን ይፈርሳል፤ ክሮሞሶሞቹ ይሰለፋሉ፤ ግማሾቹ ተለይተው ይወጣሉ። ከዚያም እንቁላሉ እንደገና ይቆማል። ሁለተኛውን ክፍፍል የሚፈጽመው የወንድ ዘር ሲገባበት ብቻ ነው።

ይህም ቢሆን የመብሰሉ አንድ ገጽታ ነው። በኒውክሊየሱ ዙሪያ ያለው የእንቁላሉ አካል ጽንሱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሳድረውን ስንቅ በዚያው ጊዜ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ከሰዓቱ በፊት የተወሰደ እንቁላል ዘር አይቀበልም፤ ቢቀበልም አይዘልቅም። ሰዓቱ ያለፈበት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ያረጃል። በዚህ መካከል ያለው ጠባብ ጊዜ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፤ እንስሳትን በሰው እጅ የማዳቀል ሥራ ታሪክም በአብዛኛው ይህን ጊዜ የመፈለግ ታሪክ ነው።

በላም ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ድራት ውስጥ ትገባለች፤ ድራቷ ከጀመረ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ኮርማ ኖረም አልኖረም፣ እንቁላሏ ይወጣል። ጧት ድራት የታየባት ላም ማምሻውን፣ ማምሻውን የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጧት ትዳቀል የሚለው ደንብ የተገኘው ከዚህ ነው፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኔብራስካ የተካሄደ ጥናት ነው። የኢትዮጵያ አርሶ አደር ከአዳቃይ ባለሙያው የሚሰማው ምክርም ይኸው ነው። ቃሊቲ ከሚገኘው ማዕከል የሚወጣው የኮርማ አባለዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ወደ ገጠር ይጓዛል፤ የሚያስቸግረው ግን ብዙ ጊዜ የዘሩ ጥራት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ላሟ ቅዳሜ ማታ ድራት ታሳያለች፤ ባለሙያው ሰኞ ይመጣል፤ እንቁላሏ እሑድ ሌሊት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐዋሳና ዳሌ አካባቢ እንዲሁም በትግራይ ላሞችን በሆርሞን መርፌ በአንድ ጊዜ ወደ ድራት አስገብቶ በጅምላ የማዳቀል ሥራ የተጀመረው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነበር። ባለሙያው ወደ እያንዳንዷ ላም ሰዓት ከሚሯሯጥ ላሞቹ ሁሉ ለእርሱ ቀጠሮ እንዲገጥሙ ማድረግ ማለት ነው።

ግመል ግን በዚህ ደንብ አትገዛም።

ሴት ግመል እንደ ላም በቀን ቆጠራ እንቁላል አትጥልም። እንደ ድመትና እንደ ጥንቸል እንቁላሏን ይዛ ወንዱን የምትጠብቅ ፍጥረት ናት። በመራቢያው ወቅት ፎሊክሏ ለ10 ቀናት ያህል ያድጋል፤ ለአንድ ሳምንት ገደማ ሙሉ ሆኖ ይቆያል፤ አውራ ካልቀረባት ደግሞ ከ10 ቀናት በላይ ወስዶ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል፤ በቦታው ሌላ ይነሳል። ከተጠቃች ግን ከ30 እስከ 40 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንቁላሉ ይወጣል። የመብሰሉን ሰዓት የሚያስጀምረው መጠቃቱ ነው።

ስለዚህ የላምን ደንብ ይዞ ወደ ግመል የሄደ ሰው ከመነሻው ይሳሳታል። ግመሏ ወንድ እንደምትፈልግ አይቶ የወንድ ዘሩን በቀጭን ቱቦ ቢያስገባላትና ሌላ ምንም ባይጨምር፣ ዘሩ እንቁላሉ ያልወጣበት ቤት ገብቶ ይሞታል። ፎሊክሉ መታየቱም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዱባይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ፎሊክላቸው ከ9 እስከ 19 ሚሊ ሜትር በሆነበት ጊዜ ከተጠቁት ግመሎች አብዛኞቹ እንቁላል ጥለዋል፤ ከ20 ሚሊ ሜትር ያለፈባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነባቸው አንዳቸውም አልጣሉም። ትልቅ ፎሊክል የተሻለ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ጊዜው ያለፈበትን ነው። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ሲያነብ ፊቱ የሚፈካውም ለዚህ ነው።

ወንዱን የሚተካው መርፌ ነው። ጂኤንአርኤች በሚል ስም የሚታወቀው ሆርሞን ሲሰጣት የግመሏ ፒቱታሪ ዕጢ ልክ እንደተጠቃች ሁሉ ኤልኤችን ታፈሳለች። ከዚያ በኋላ ቆጠራው ይጀመራል፤ ዘሩ የሚገባው መርፌው ከተወጋ ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። እንቁላሉ ከመውጣቱ ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ ዘሩ በቦታው መገኘት አለበት፤ ቀድሞ መድረሱ ከመዘግየቱ ይሻላል።

በተፈጥሮ ያንን ሆርሞን የሚያስነሳው ምን እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ የተያዘው ግምት ሌላ ነበር። የመጠቃቱ አካላዊ ንክኪ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል መልእክት ያደርሳል ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የቻይና ተመራማሪዎች ባለ ሁለት ሻኛ ግመሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ግን አውራው ሳይኖር የወንድ ዘር ፈሳሹ ብቻውን እንቁላል እንደሚያስጥል አሳዩ። ነገሩ ከ25 ዓመታት በላይ ስም ሳይኖረው ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን በደቡብ አሜሪካዊቷ የግመል ዘመድ በላማ ላይ ሠርቶ ምስጢሩን ገለጠው፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ቀስቃሽ ፕሮቲን ነርቭ እንዲያድግ በማድረግ ከታወቀው ፕሮቲን ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ለዚያ ፕሮቲን ግኝት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ እና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ለነርቭ ሐኪሞች የታወቀ ነገር በግመል ዘር ውስጥ ይገኛል ብሎ ማን ገመተ? በሱረቱል ጋሺያህ የግመሏን አፈጣጠር እንዲመለከቱ የተጠሩ ሰዎች ከ1400 ዓመታት በኋላም ተመልክተው አልጨረሱም።

በመጽሐፍ ገበታ ላይ ቀላል የሚመስለው የዘር አሰባሰብም በግመል ዘንድ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አውራው ተንበርክኮ ስለሚያጠቃ ሥራው ደቂቃዎች ይፈጃል። የሚገኘው ፈሳሽ ጥቂት ከመሆኑም በላይ ዝልግልግ ነው፤ የዘር ሕዋሳቱ በውስጡ ታስረው በአንድ ቦታ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ወደ ፊት አይሄዱም። ፈሳሹ በሙቅ ቦታ ተቀምጦ እስኪቀጥን መጠበቅ ያስፈልጋል። ቢያስቸኩሉት ሕዋሳቱ ይጎዳሉ፤ ቢያዘገዩት ይደክማሉ። የኮርማ አባለዘር በናይትሮጅን ለዓመታት ተቀምጦ ሲያገለግል የግመል ግን ሲቀዘቅዝ ኃይሉን በእጅጉ ያጣል፤ እስከ ዛሬም የተሻለ ውጤት የሚገኘው አዲስ በተሰበሰበ ዘር ነው። አውራውና ሴቷ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ቀን፣ በተቆጠረ ሰዓት መገናኘታቸው ግድ ሆኗል።

በብዙ የመስኩ መማሪያ መጻሕፍት መግቢያ ላይ አንድ ተረክ ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ1322 አንድ የዐረብ ጎሣ አለቃ የባላንጣውን ድንቅ ፈረስ ዘር በጥጥ አስወስዶ ባዝራውን አስረገዘ ይላል። ታሪኩ ከተረት ባይዘልም እንኳ አንድ እውነት አለው፤ በበረሃ የኖሩ ሰዎች የዘር ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ መሆኑን ያውቁ ነበር።

የቤተ ሙከራው ሰዓት

እንቁላሉን ከእንስሳዋ አካል አውጥቶ በብርጭቆ ሳህን ላይ ማብሰል ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሜሪካዊው ግሪጎሪ ፒንከስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጥንቸል እንቁላል ከፎሊክሉ ሲወጣ በራሱ መብሰል እንደሚጀምር ካሳየ በኋላ 12 ሰዓት ያህል በቂ ነው የሚል እምነት ሰፈነ። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ኤድዋርድስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰውን እንቁላል በዚያው ሰዓት ለካ፤ እንቁላሉ አልተነሳም። ደጋግሞ ሞከረ፤ አልተነሳም። ኤድዋርድስ ችግሩ በፈሳሹ ወይም በእንቁላሉ ላይ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ እንደሆነ ጠረጠረ። ከቄራ የመጡ የላም፣ የበግና የአሳማ የእንቁላል ማፍሪያዎችን እየወሰደ ጊዜውን ሲያስረዝም እንቁላሎቹ መብሰል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት እያንዳንዱ ዝርያ የየራሱ ሰዓት እንዳለው፣ የሰው እንቁላልም ከአንድ ቀን በላይ እንደሚፈልግ አስረዳ። ከ13 ዓመታት በኋላ የመጀመሪያዋ ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰች ሕፃን ተወለደች። በ2010 ኤድዋርድስ ኖቤል ተሸለመ። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ጥጃ የተወለደው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ነው።

ዛሬ የሚሠራበት ቁጥር የታወቀ ነው። የላም እንቁላል በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ከ22 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ የበግ ወደዚያው ይጠጋል፤ የአሳማ 40 ሰዓት ያልፋል። የግመልን እንቁላል በላም ሰዓት ያወጣ ተመራማሪ አብዛኞቹን ገና በመንገድ ላይ ያገኛቸዋል፤ በዱባይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳመለከቱት የግመል እንቁላል ሙሉ ብስለት ላይ የሚደርሰው ከ30 ሰዓት በኋላ ነው። ልዩነቱ ስምንትና ዐሥር ሰዓት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ለባለቤቱ ግልገል ከማግኘትና ካለማግኘት ጋር እኩል ነው።

በዚህ መስክ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሌላ ተከታይ ብቻ ሆነው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1989 በሼኽ ሙሐመድ ቢን ራሺድ አል መክቱም የተመሠረተው የዱባይ የግመል መራቢያ ማዕከልና በአል ዐይን የሚገኘው የእሽቅድምድም ግመሎች የሳይንስ ማዕከል ጽንስ ማዛወርን የዘወትር ሥራ አድርገውታል። አሠራሩ ይህን ይመስላል። የተመረጠችው ግመል ብዙ ፎሊክሎች በአንድ ጊዜ እንዲያድጉላት ሆርሞን ይሰጣታል፤ ከተመረጠ አውራ ጋር ትጠቃለች፤ ከስምንት ቀናት ገደማ በኋላ ጽንሶቹ በፈሳሽ ከማኅፀኗ ታጥበው ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም ወደ ተራ ግመሎች ማኅፀን ይገባሉ። የሮጠችው ግመል መሮጧን ሳታቋርጥ በአንድ ወቅት የብዙ ግልገሎች እናት ትሆናለች።

ሰዓቱ እዚህም ዳኛ ነው። ተቀባይዋ ግመል እንቁላል መጣል ያለባት ከሰጪዋ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ዘግይታ ነው። ያላረገዘች ግመል በእንቁላሉ ቦታ የሚፈጠረውን እርግዝና ጠባቂ አካል ከ10 ቀናት በላይ አታቆየውም፤ ጽንሱ ከዚያ ቀደም ብሎ መኖሩን ለእናቲቱ ማስታወቅ አለበት። ዘግይቶ የገባ ጽንስ የሚያገኘው ሊዘጋ የተቃረበ በር ነው። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። እንቁላሉ ከግራም ይውጣ ከቀኝ፣ ከመቶ 99 ያህሉ የግመል እርግዝና የሚያድገው በግራው የማኅፀን ቀንድ ነው። ጽንሱን የሚያስገባው እጅም ይህንን ያውቃል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2009 በዚሁ የዱባይ ማዕከል «ኢንጃዝ» የተባለችው ግመል ተወለደች፤ ከአንድ የታረደች ግመል የአካል ሕዋስ የተገኘች የመጀመሪያዋ ግመል ናት። ዜናው ዓለምን ሲያዳርስ ብዙ ሰው ያስተዋለው ሕዋሱን ነበር። ሕዋሱን የተቀበሉት እንቁላሎች ግን ለዚህ ሥራ በሕይወት ካሉ ግመሎች፣ ሆርሞኑ ከተሰጣቸው ከ26 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ማለትም በአካላቸው ውስጥ በስለው ሊወጡ ጥቂት ሰዓታት ሲቀራቸው በመርፌ የሚቀዱ ናቸው። ጥቂት ቢዘገይ ፎሊክሉ ፈንድቶ ባዶ ይገኛል። ኢንጃዝ እ.ኤ.አ. በ2015 በተፈጥሮ መንገድ ፀንሳ ወልዳለች፤ ይህም የመራባት ጤንነቷን በተመለከተ የነበረውን ጥያቄ መልሷል።

በሸሪዓ ሚዛን

ለሙስሊም አርቢ ሰዓቱን ማወቅ የጥያቄው ግማሽ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) የዘገቡትና ቡኻሪ የመዘገቡት ሐዲስ ለአውራ ማጥቂያ ዋጋ መቀበልን ይከለክላል። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ መሠረት ክፍያውን ሲከለክሉ ማሊኪዮች በተወሰነ ጊዜና ቁጥር የሚደረግ ኪራይን ፈቅደዋል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ሳይዋዋሉ በስጦታ መልክ የሚሰጥን ነገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደፈቀዱ ተጠቅሷል። ሊቃውንቱ ለክልከላው ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ገረር ነው፤ አውራው ያጠቃ ወይም አያጠቃ፣ ሴቷ ትፀንስ ወይም አትፀንስ አይታወቅም፤ ያልታወቀ ነገር አይሸጥም።

የዛሬው አሠራር ይህንን ጥያቄ በአዲስ መልክ አምጥቶታል። ፎሊክሉ ተለክቷል፤ ሰዓቱ ተቆጥሯል፤ ዘሩ በማይክሮስኮፕ ታይቶ በመጠን ተከፋፍሏል። ክፍያው ለሐኪሙ ድካም፣ ለመሣሪያውና ለማቆያው ከሆነ ከሥራ ዋጋ የሚለይበት ምክንያት አይታይም። በራሱ በዘሩ ላይ የሚጣል ስም የወጣለት አውራ ዋጋ ግን ከሐዲሱ ክልከላ የሚወጣበት መንገድ ያን ያህል ግልጽ አይደለም፤ ስክሪኑ ገረርን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። አርቢው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ለምን እንደሚከፍል ጠይቆ በጽሑፍ ማስፈሩ ለዲኑም ለኪሱም ይበጀዋል።

ሥራው ራሱ ስለመፈቀዱ የሚነሳው ክርክር ከዚህ የጠበበ ነው። የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጂዳ ባካሄደው ዐሥረኛ ጉባኤው ሰውን ማባዛትን ሲከለክል፣ በዕፀዋት፣ በእንስሳትና በጥቃቅን ፍጥረታት ላይ ግን ይህንን ዕውቀት ለጥቅምና ጉዳትን ለማስወገድ በሸሪዓ ወሰን ውስጥ መጠቀምን ፈቅዷል። የመዲና ሰዎች የሴቴ ተምርን አበባ በወንዴው ዘር በእጃቸው ሲያዳቅሉ የተላለፈው ዘገባም በሊቃውንቱ ዘንድ ደጋግሞ ይወሳል። ትተውት ምርቱ በቀነሰ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የዱንያቸውን ሥራ ወደ እነርሱ ዕውቀት መልሰውታል። የተምር አበባም እንደ እንቁላል የምትቀበለው በተወሰኑ ቀናት ብቻ መሆኑ ለዚህ አገር ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም።

ወሰኑ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የአንዱ አውራ ዘር በሌላው ስም ቢሰጥ፣ የአንዷ ግመል ጽንስ የሌላዋ ተብሎ ቢሸጥ ማታለል ነው፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ከ13 ወር በኋላ፣ ምናልባትም ግልገሏ ሮጣ ስትሸነፍ ነው። የዲኤንኤ ምርመራ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ግመሏንም የሚመለከት ሐቅ አለ። በአንድ አንሷር የአትክልት ቦታ የነበረ ግመል መራቡንና መድከሙን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳሰማ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በየወሩ በሆርሞን የምትነዳ፣ ያለ ዕረፍት የምትታጠብ ሰጪ ግመል ባለቤት ይህንን ሐዲስ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ይህ ሁሉ መሣሪያና ስሌት የሚጀምረው ግን አሁንም ዒዝባ ከሚባለው የእርባታ ሰፈር፣ ከጠባቂው ዓይን ነው። ከሱዳን፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ የመጡ ሠራተኞች ባሉባቸው በእነዚህ ሰፈሮች ኢትዮጵያውያንም ይገኛሉ። ሐኪሙ በሳምንት የተወሰነ ቀን ይመጣል፤ ጠባቂው በየሌሊቱ አለ። ግመሏ መቼ እንደተጠቃች የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ሰዓቱን ቢሳሳት ወይም ሳያይ «ዐይቻለሁ» ቢል ቀሪው ቆጠራ ሁሉ ይናጋል። በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና ቆላ ከልጅነቱ ጀምሮ ከግመል ጋር ያደገ ሰው ይህንን ዕውቀት ይዞ ነው የሚመጣው። የሚያሳዝነው፣ በብዙ መዝገብ ላይ የሐኪሙ ስም ሲሰፍር ምልክቱን ያየው ሰው ስም አለመስፈሩ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ ጠባቂም ቤተ ሙከራውን ይዞ አይሄድም። የተጠቁበትን ቀን መጻፍን፣ አውራን በወተትና በጤና መርጦ ማሳደግን፣ ያላረገዘችውን ቶሎ ለይቶ ወቅቱ ሳያልፍ መመለስን ግን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ያላረገዘችውን ለመለየት የሚያገለግለው ምልክት ከአልትራሳውንድ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ግመል ከፀነሰች ሁለት ሳምንት ካለፋት በኋላ አውራ ወይም ሰው ሲቀርባት ጅራቷን ወደ ላይ አጥፋ ታነሳለች፤ አንገቷንም ትቀስራለች። ዐረቦች ይህንን ጅራት ማንሳት «ሻለት» ይሉታል። ኢብኑ ከሲር በተፍሲራቸው እንደጠቀሱት ረመዳንን የሚከተለው ወር ሸዋል የተባለው ግመሎች በመጠቃቀሚያቸው ወራት ጅራታቸውን ከማንሳታቸው ጋር በተያያዘ ነው።

በእርባታው ሰፈርም መርፌው ከተወጋ ከ15 ቀናት በኋላ፣ ሐኪሙ መኪናውን ሳያቆም በፊት፣ ጠባቂው አውራውን በገመድ ይዞ ወደ አጥሩ ያስጠጋዋል። ግመሏ ጆሮዋን ታቆማለች። ጅራቷ ወደ ላይ ይታጠፋል። ሐኪሙ መመርመሪያውን አውጥቶ በግራው የማኅፀን ቀንድ ትንሿን ጥቁር የፈሳሽ ከረጢት ይፈልጋል፤ ያገኛታልም። በመዝገቡ ላይ «ከብዳለች» ብሎ ይጽፍና ከዚያ ወዲያ የሚቆጠረውን 13 ወር ያሰላል።